ሲያጨበጭቡልኝ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እዞራለሁ፤ አንድ ጆሮ ለምን አይበቃም?

የሐይቅ ዳር አስተናጋጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ምግብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት አስተናግጃለሁ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ግራ ጆሮዬ ድፍን ብሎ አገኘሁት። ውኃ የገባበት መስሎኝ ጭንቅላቴን ዘንበል አድርጌ በአንድ እግሬ ዘለልኩ፤ ምንም የለም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "ኩክ ነው" ተባልኩና ጠብታ ይዤ ተመለስኩ። እሱን ስጨምር ከወር በላይ አለፈ። በመጨረሻ የጆሮ ሐኪም ሲያየኝ ችግሩ የውስጥ ጆሮ እንደሆነና እንደዘገየሁ ነገረኝ። ግራው አልተመለሰም።

እሱን ተቀብዬዋለሁ። ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። ቀኝ ጆሮዬ ተለክቶ ምንም እንከን አልተገኘበትም። ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ ሬዲዮ እሰማለሁ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ እሰማለሁ። የት እንደወደቀ ግን አላውቅም። ድምፅ ሁሉ ከቀኜ ነው የሚመጣው። እንግዳ ያጨበጭባል፣ እኔ ወደ ቀኝ እዞራለሁ፣ የጠራኝ ሰው በግራዬ ሁለት ሜትር ላይ ተቀምጦ ጀርባዬን ያያል። ባለፈው እሑድ አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አጨብጭበው ሦስት ጊዜ ፊቴን አዞርኩባቸው፤ በአራተኛው ተነሥተው ሄዱ። አለቃዬ "እንግዳ እየመረጥክ ነው የምታስተናግደው" አለኝ። ነገሩን ባስረዳውም "ትሰማለህ አይደል እንዴ?" ነው መልሱ።

እኔም የምጠይቀው እሱኑ ነው። ድምፁን ከሰማሁት አቅጣጫው ለምን አብሮ አይመጣም? አንድ ዓይኔን ብጨፍን እኮ ጠረጴዛው ያለበትን ቦታ አላጣውም።

ዓሣ ሻጯ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። እኔ አሞራ ገደል ዓሣ እሸጣለሁ፤ ሳይንሱን አላውቅም። አክስቴ ግን በልጅነቷ ጆሮ ደግፍ ይዟት አንዱን ጆሮዋን ይዞባት ሄደ። ሠርግ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሙሽሪትን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። በደነቆረው በኩል ግድግዳ ካልሆነ አትቀመጥም። ስንጠራት ደግሞ "አቤት" አትልም፤ "የት ናችሁ?" ነው የምትለው። እኛ ልጆቹ ቀልድ እየመሰለን በር ጀርባ ተደብቀን እየጠራን እንስቅባት ነበር። ያንተን ሳነብ አፈርኩ።

ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ ጠብ አድርግበት። ለብዙ ሰው ሠርቷል።

የጆሮ ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

እባካችሁ ነጭ ሽንኩርቱን ለወጥ ተዉት። የሞቀ ዘይት ጆሮ ያቃጥላል፤ ከታምቡሩ ወዲያ ወዳለው የውስጥ ጆሮ ደግሞ አይደርስም። ነገ ከሥራ ስወጣ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

በጣም ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ፊዚክስ ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት አለፈኝ፤ የዓይኑን ነገር አንሥቶ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አልገጠመኝም። መልሱም እዚያው ጥያቄህ ውስጥ ነው። ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ በስተኋላ ባለው ስስ ገጽ ላይ ሥዕል ይሆናል፤ በግራ ያለው ዛፍ አንድ ቦታ ያርፋል፣ በቀኝ ያለው ሌላ ቦታ። ቦታው ራሱ ተስሎ ነው የሚገባው። ጆሮ እንዲህ ያለ ገጽ የለውም። የውስጥ ጆሮው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፤ በዚያ ጥምዝ ላይ ተዘርግቶ የሚቀመጠው የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ነው፤ ቀጭኑ ከመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙ ከጫፉ ዘንድ። ግራና ቀኝ የሚባል ነገር እዚያ አልተጻፈም። አቅጣጫ አይሰማም፤ ይሰላል። ለስሌቱ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ አንተ ዘንድ ደግሞ አሁን የሚደርሰው አንዱ ብቻ ነው።

እንሥራው። ጭብጨባው ቀጥታ ከግራህ መጣ እንበል። ግራ ጆሮህ ዘንድ ቀድሞ ይደርሳል። ቀኝ ጆሮህ ጋር ለመድረስ ጭንቅላትህን መዞር አለበት፤ ይህ ለአዋቂ ሰው 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ መንገድ ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ አየር ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ስታካፍለው የሚወጣው የሰከንድ አንድ ሺኛ ሁለት ሦስተኛ እንኳን አይሞላም። ዓይንህን አንድ ጊዜ ስታርገበግብ የሚያልፈው ጊዜ ከዚህ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ይህም ትልቁ ልዩነት ነው። ከፊት ለፊትህ የነበረ ድምፅ ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ ሲል የሁለቱ ጆሮዎች ልዩነት ከሰከንድ መቶ ሺኛ አንዱ ይሆናል፤ በርቀት ሲለካ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ፣ የአንዲት ምስር ፍሬ ያህል። አንጎል ይህችንም ይለያታል። ፊት ለፊታችን ያለ ድምፅ አንድ ዲግሪ ብቻ ሲንቀሳቀስ ልናውቅ የምንችለው በዚህ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የድምፁ ጉልበት ነው። በዚህ ላይ ከበሮና ጸናጽልን አስቡ። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ሞገዱ ረጅም ነው፣ ሜትሮች ይሆናል፤ ወራጅ ውኃ ጠጠርን እንደሚዞር ጭንቅላትን ዞሮት ያልፋል፣ ሁለቱም ጆሮዎች ዘንድ እኩል ሊባል በሚችል ጉልበት ይደርሳል። የጸናጽሉ ቀጭን ድምፅ ሞገዱ ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ጭንቅላት ይጋርደዋል፤ በወዲያኛው በኩል የድምፅ ጥላ ይፈጠራል። የጉልበቱ ልዩነት በጣም ቀጭን በሆኑት ድምፆች 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ከበሮውን በጊዜ፣ ጸናጽሉን በጥላ እናገኘዋለን ማለት ነው። ድንበሩ 1,500 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 1,500 ንዝረት አካባቢ ነው፤ የዚያ ድምፅ ሞገድ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፣ ከጭንቅላታችን ስፋት ብዙ አይርቅም። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1907 ሁለቱን መንገዶች እንዲህ አጣምሮ አቀረባቸው። እሱ ከዚያ ቀደም ብሎም ሣር ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ረዳቶቹን በዙሪያው አሰልፎ እያስጠራ አቅጣጫቸውን ይገምት ነበር። አንተ ሬስቶራንቱ መሐል ቆመህ የምትሠራው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ እሱን ማንም አልተቆጣውም።

ተከራካሪው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

መምህር፣ አልተዋጠልኝም። አሁን ይህን እያነበብኩ ግራ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ። ባጃጅ በግራዬ አለፈ፤ በግራዬ ማለፉን አወቅሁ። ሚስቴ ከኋላ ጠራችኝ፤ ከኋላ መሆኗን አወቅሁ። ሁለት ቁጥር ካላስፈለገ ያ ሁሉ ሒሳብ ለምንድን ነው? ሌላም ልጨምር፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። 343 የሚለው ቁጥር እዚህ ይሠራል?

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

ከኋለኛው ልጀምር። ከፍ ስንል የአየሩ ግፊትም ጥግግቱም አብረው ይቀንሳሉ፤ በድምፅ ፍጥነት ላይ አንዱ የሌላውን ያጣፋል። ወሳኙ ሙቀቱ ነው። እንደ ዛሬው ባለ ቀትር ፍጥነቱ ከ343 ትንሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ስለ ጣትህ፦ ጣት ድምፅን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። የባጃጅ ሞተር በጣት የሚቆም ቢሆን ኖሮ የዚህ ከተማ ሰው ጠዋት በሰላም በተኛ ነበር። የተደፈነው ጆሮህም እየሰማ ነው፤ ቁጥሩን እየላከ ነው። መንገዱ በየት በኩል እንዳለና ሚስትህ የት እንደተቀመጠች ደግሞ አስቀድመህ ታውቃለህ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ ሰው ቁልፍ እያንኳኳ በማታውቀው ቦታ ይቁም፤ ከዚያ ተመልሰህ ንገረን።

ባለ ጋራዡ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

ስለ ድምፅ ፍለጋ እኔም የምለው አለኝ። መኪና ይመጣል፤ ባለቤቱ "ከኋላ ጎማ በኩል ይንጫጫል" ይላል። ነድቼ አያለሁ፤ እኔም ከኋላ ይመስለኛል። ስፈታው የፊት ጎማ ኩሽኔታ ሆኖ አገኘዋለሁ። ግራና ቀኙን ስቼ አላውቅም፤ ፊትና ኋላውን ግን አሥር ጊዜ ተሸውጃለሁ። ስለዚህ ጆሮዬን አላምነውም። ረጅም ካቻቪቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ አጠገብ ካለው አጥንት ላይ አድርጌ ክፍል በክፍል እዞራለሁ። ያኔ አይዋሽም።

መምህር፣ ፊትና ኋላ ለምን ይምታታል?

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡05

ግሩም ነው፤ የተከራካሪያችንን ግማሽ ጥያቄ መለስክልኝ። አፍንጫህ ፊት ለፊት ያለ ድምፅ ሁለቱ ጆሮዎች ዘንድ እኩል ይደርሳል። ማጅራትህ ኋላ ያለውም እኩል ይደርሳል። ከአናትህ በላይ ያለውም እንደዚያው። ለሒሳቡ ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ከጎንም ቢሆን ተመሳሳይ የጊዜ ልዩነት የሚሰጡ ብዙ ነጥቦች አሉ፤ ቢገጣጠሙ አፉ ወደ ውጭ የዞረ ቀንደ መለከት ጆሮህ ላይ የተተከለ ይመስላል።

አንጎል ከዚህ የሚወጣው አንደኛ በአንገት ነው። ጭንቅላትህን ወደ ቀኝ ስታዞር ፊት ያለው ድምፅ ወደ ግራ ጆሮህ ያደላል፣ ኋላ ያለው ወደ ቀኝ። ሃንስ ዋላክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1940 ይህን በሙከራ አሳይቷል። ውሻ ግራ ሲገባው ጭንቅላቱን የሚያዘነብለውን አይታችሁ ይሆናል። መኪና ውስጥ ግን ድምፁ በቆርቆሮው እየተላለፈ ከየቦታው ይወጣል፤ ዞር ብትልም አይረዳህም። ካቻቪቴህን አትጣላት።

ዓሣ ሻጯ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ደግሞ ሌሊት ቤት ውስጥ የምትጮኸውን ፌንጣ አንድም ቀን አግኝቻት አላውቅም። አልጋ ሥር ናት ብዬ አልጋ አነሣለሁ፤ ቁም ሣጥን ጀርባ ትጮኻለች። ለሷም ምክንያት አላችሁ?

ጠመኔ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

አለን። ፌንጣ የምታሰማው አንድ ዓይነት ቀጭን ቃና ነው፤ እንደ ሰው ድምፅ ወይም እንደ ጭብጨባ ብዙ ዓይነት ቃና የተቀላቀለበት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ስቲቨንስና ኒውማን የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የገደል ማሚቶ እንዳያስቸግራቸው ሰውን ጣሪያ ላይ ከፍ ያለ ወንበር አስቀምጠው በዙሪያው ድምፅ እያሰሙ ለኩት። ሰው በነጠላ ቃና በጣም የሚሳሳተው 3,000 ሄርዝ አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ የጊዜውን ልዩነት ለማስላት ቀጥኖ፣ ጥላ ለመፍጠር ገና ወፍሮ የሚቀርበት መሐል ነው። የፌንጣዋ ከዚያ ትንሽ ቢቀጥንም ነጠላ ቃና መሆኑ ብቻውን ይበቃል። ግድግዳው ሲመልሰው ይባስ ይደናገራል። ስትቀርቢያት ደግሞ ዝም ትላለች፤ እሱ ፊዚክስ አይደለም፣ ተንኮል ነው።

የጆሮ ነርስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ቃሌን ልጠብቅ። ከሁሉ በፊት ግን አስተናጋጁ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያለ ሕመምና ያለ ጉንፋን አንድ ጆሮ በድንገት ድፍን ካለ አስቸኳይ ነው። የውስጥ ጆሮ ከሆነ ሐኪም የሚያዝዘው የስቴሮይድ መድኃኒት የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቤት ውስጥ የምትሞክሩት ነገርም አለ፤ አፋችሁን ዘግታችሁ "እምምም" በሉ። ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ ካደላ አብዛኛውን ጊዜ ኩክ ወይም ፈሳሽ ነው። ወደ ጤነኛው ካደላ የውስጥ ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን የጆሮ ሐኪም ፈልጉ። ይህ ምርመራውን አይተካም፤ ጠብታ ይዞ ወር ከመቀመጥ ግን ያድናል።

አሁን ወደ አንጎል። ከሁለቱ ጆሮዎች የሚነሡት ነርቮች የሚገናኙት የአንጎል ግንድ ውስጥ፣ ከማጅራታችን ከፍ ብሎ ነው። እዚያ የወይራ ፍሬ ስለሚመስሉ በወይራ ስም የሚጠሩ የሕዋስ ጉብታዎች አሉ። አንደኛው ክፍል ጊዜን ያወዳድራል፣ ሌላው ጉልበትን። እንዴት እንደሚያወዳድሩ ሎይድ ጄፍረስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1948 አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በሐዋሳ መንገድ ላስረዳው። አንድ ባጃጅ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ፣ ሌላው ከሐይቁ ወደ ገብርኤል በእኩል ፍጥነት ይነሡ። እኩል ከተነሡ መሐል ላይ ይገናኛሉ። የገብርኤሉ ቀድሞ ከተነሣ የሚገናኙት ወደ ሐይቁ ቀርበው ነው። ሰዓት ያዥ አያስፈልግም፤ የተገናኙበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ጄፍረስ ያሰበው ሕዋሳት በመንገዱ ዳር ተሰልፈው እያንዳንዳቸው ሁለቱም መልእክት እኩል ሲደርሳቸው ብቻ እንደሚጮኹ ነው። የትኛው ጮኸ ማለት ድምፁ ከየት መጣ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት የቆየ ሐሳብ በኋላ ጉጉት አንጎል ውስጥ ተገኘ። ማሳካዙ ኮኒሺ የተባለ ጃፓን የተወለደ ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር የመንገዱንና የሕዋሳቱን አሰላለፍ አሳየ። እኛ ጉጉት ክፉ ወሬ ታመጣለች እያልን የምናባርራት ወፍ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የአይጥን ኮሽታ ሰምታ ትይዛለች፤ የጆሮዎቿ ቀዳዳዎች አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ የጉልበቱ ልዩነት ከፍታውንም ይነግራታል። በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ግን ነገሩ ልክ እንደዚህ መሆኑ ላይ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ፤ ከተሰለፉት ሕዋሳት ይልቅ የግራና የቀኝ ወገን ጠቅላላ ጩኸት የሚመዘንበት መንገድ ይሆናል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ የገብርኤሉ ባጃጅ ቆሟል። የሐይቁ ብቻውን መንገዱን ጨርሶ ይሄዳል፤ የሚያገኘው የለም። ድምፅ ሁሉ ወደ ቀኝህ የሚጎተተው ለዚህ ነው። ለአለቃህም ይህንኑ ንገረው።

ተከራካሪው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ትናንት ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ዓይኔን በነጠላ አስሬ ሳሎን መሐል ተቀመጥኩ። ልጄ በካልሲ እየሄደች ቁልፍ አንኳኳች። በሁለት ጆሮ ግራና ቀኝ አንድም አልሳትኩም። ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ ስትለኝ ፊትና ኋላን ከአሥር ሦስቱን ሳትኩ። ከዚያ ግራ ጆሮዬን በሰምና በጥጥ ደፍኜ በላዩ መዳፌን ጫንኩበት። ቁልፉ በሙሉ ወደ ቀኜ ሄደ። ልጄ በግራዬ ቆማ ስትስቅ ሳቋ ከቀኝ ግድግዳ ነበር የመጣው። እውነት ለመናገር ደስ አይልም።

መምህር፣ ይቅርታ። አስተናጋጁም ይቅርታ።

ግን አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለቱም ጆሮ ተከፍቶ፣ ጭንቅላቴን ሳላንቀሳቅስ፣ ከአናቴ በላይ ያንኳኳችውን አብዛኛውን ጊዜ አውቄዋለሁ። ልዩነቱ ዜሮ ነው ካላችሁ እሱን በምን አወቅሁት?

የጆሮ ነርስ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

በውጭው ጆሮህ እጥፋቶች ነው። መስታወት ፊት ቆመህ ጆሮህን እየው፤ ያ ሁሉ ጎድጓዳና ጉብታ ለጌጥ አይደለም። ድምፅ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላ ሲመጣ በእጥፋቶቹ ላይ የሚነጥረው በተለያየ መንገድ ነው፤ አንዳንዱ ቀጭን ቃና ይዳከማል፣ አንዳንዱ ይጎላል። አንጎል ያንን የቃና ለውጥ ከልጅነት ጀምሮ ሲያጠናው ስለኖረ "ይህ ከላይ ነው" ይላል። የሁለት ሰው ጆሮ ቅርጽ አንድ ስላልሆነ እያንዳንዱ የራሱን ጆሮ ነው የተማረው።

ትምህርት መሆኑን ያሳየ ሙከራ አለ። ሆፍማንና ባልደረቦቹ ኔዘርላንድ ውስጥ ለአራት ሰዎች በውጭው ጆሯቸው ጎድጓዳ ውስጥ ቅርጽ የሚለውጥ ነገር ገጠሙላቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ታተመ። በመጀመሪያው ቀን ግራና ቀኙን ማወቅ አልተቸገሩም፣ ላይና ታቹ ግን ጠፋባቸው። እያደረ፣ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአዲሱ ጆሮ መስማት ተማሩ። ሲወልቅላቸው ምን የሆነ ይመስላችኋል? አሮጌው ጆሯቸው ወዲያው ሠራ፤ አንዱን ሲማሩ ሌላውን አልረሱም። እንደ ሁለት ቋንቋ።

አስተናጋጁ፣ ይህ አንተንም ይመለከታል። በአንድ ጆሮ ከሚኖሩ ሰዎች አንዳንዶቹ የደህናውን ጆሮ እጥፋቶች ለግራና ቀኝም መጠቀም ይለምዳሉ፤ እንደ ሁለት ጆሮ አይሆንም፣ ከዜሮ ግን ይሻላል። በደነቆረው ጆሮ ላይ ማይክሮፎን ተደርጎ ድምፁን ወደ ደህናው የሚያሻግር መሣሪያም አለ። እሱ በግራህ ያለውን ሰው ንግግር እንድትሰማ ይረዳሃል፤ አቅጣጫን ግን አይመልስም፤ ሁለቱንም የሚሰማው ያው አንዱ ጆሮ ነውና። ሻጭ ሌላ ነገር ቢነግርህ አትመነው። አቅጣጫን በከፊል ሊመልስ የሚችለው በቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮ ላይ የሚገጠመው መሣሪያ ነው፤ ዋጋው ከባድ ነው።

ባለ ጀልባው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡40

እኔ የሚያሳስበኝ ውኃ ውስጥ የሚገቡ ልጆች ናቸው። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፤ ጠልቀው ሳሉ ጀልባ እንሰማለን እያሉ ወደ ጀልባው ራሱ ብቅ ይላሉ። ሁለት ጊዜ ሞተር አጥፍቼ ተርፈናል። ሁለት ጆሮ አላቸው አይደል? "ድምፁ ከሁሉም ቦታ ነው የሚመጣው" ይሉኛል።

ጠመኔ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡20

ልጆቹ እውነታቸውን ነው። ውኃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ከአየር አራት እጥፍ በላይ። ያች የሰከንድ ሺኛ ሁለት ሦስተኛ በዚያው ልክ ታንሳለች። ድምፁ በተጨማሪ በራስ ቅል አጥንት በኩል ስለሚገባ ሁለቱን የውስጥ ጆሮዎች በአንድነት ያናውጣል፤ ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም ለማለት ይቻላል። በአየር የተማረ አንጎል ይህን ሲያገኝ "መሐል ላይ ነው" ወይም "በሁሉም በኩል ነው" ይላል። ሞተር ከሰሙ ቀና ብለው ለፍለጋ ከመውጣት ይልቅ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይውጡ በልልን።

የመዘምራን ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሲነግሥ የድምፅ ማጉያ የማስተካክለው እኔ ነኝ። አንድ የሚገርመኝን ልጨምር። ሰባኪው ቆመው ያስተምራሉ፤ ድምፃቸው የሚወጣው ግን ከጎን ዓምድ ላይ ካለው ማጉያ ነው። ሕዝቡን ብትጠይቁት ከአባታችን አፍ ነው የሚሰማው ይላል። ዓይኔን ስጨፍን ድምፁ ወደ ዓምዱ ይሄዳል፤ ስገልጥ አፋቸው ላይ ይመለሳል።

ሁለት ማጉያ አንዱን ቅርብ፣ አንዱን ሩቅ ስናደርግ ደግሞ ሰው ቅርቡን ብቻ ነው የሚሰማው የሚመስለው፤ የሩቁ እየሠራ መሆኑን የሚያውቀው ሳጠፋው ነው።

ጠመኔ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡25

የመጀመሪያው ዓይን ጆሮን ሲጎትተው ነው፤ በቦታ ጉዳይ ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚረታው ዓይን ነው። ሁለተኛው ቀድሞ የደረሰ ድምፅ አቅጣጫውን የሚወስንበት ሕግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ዋላክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር መርምሮታል። ተከትሎት በሰከንድ ጥቂት መቶኛ ውስጥ የሚደርሰውን አንጎል ከፊተኛው ጋር ያዋህደዋል። ይህ ባይኖር ኖሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተመታ አንድ ጭብጨባ ከአሥር ግድግዳ አሥር ጊዜ ይጠራን ነበር።

የሐይቅ ዳር አስተናጋጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የእርስዎን ጽሑፍ አትሜ ለአለቃዬ ሰጠሁት። አላነበበውም፤ የባጃጁን ምሳሌ ግን በቃል ስነግረው ገባው። "ታዲያ የገብርኤሉን ባጃጅ ማን ያስነሣው?" አለኝ። ማንም አልኩት።

አርብና ቅዳሜ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ። በአንድ ጭብጨባ መዞር አቆምኩ። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጭንቅላቴን በዝግታ ወደ ግራ ሳዞር ሁለተኛው ጭብጨባ ጎልቶ ከመጣ ሰውየው በግራዬ ነው፣ ከደበዘዘ በቀኜ ነው። ሁለተኛ ያላጨበጨበ ሰው ያመልጠኛል፤ ግን ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አጨብጭቦ ዝም የሚል እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። የሰውን አፍና እጅ ማየትም ለመድኩ፤ መምህር እንዳሉት አፉ ሲንቀሳቀስ ሳየው ድምፁ እዚያው ሄዶ ይቀመጣል።

የአክስትሽን ወንበር ግን እህቴ፣ እሱን ነው አብልጬ የወሰድኩት። ጠረጴዛዎቹ በአንድ ወገን፣ ሐይቁ በሌላው ነው። አሁን የምቆመው ከዳር፣ የደነቆረውን ጆሮዬን ለሐይቁ ሰጥቼ ነው። በዚያ በኩል የሚጠራኝ የለም። ሰው ሁሉ በቀኜ ሆነ፤ ድምፅም ሁሉ ከቀኝ ነው የሚመጣው፤ ተስማማን ማለት ነው።

ያ ተነሥተው የሄዱት ሽማግሌ ዛሬ ተመልሰው መጡ። አንድ ጊዜ አጨበጨቡ፤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ዓሣ ለብለብ አዘዙ። አምጥቼ በግራዬ ያለው የአጥር ድንጋይ ላይ ለአንድ አፍታ አስቀምጬ ጠረጴዛቸውን ስጠርግ ከዛፉ የወረደች ጦጣ ዳቦውን ይዛ ሄደች። ሽማግሌው እየጮሁ ነበር፤ እኔ ለምን እንደሚጮሁ ያወቅሁት የባዶውን ሰሐን ካየሁ በኋላ ነው።

ጠመኔ | እሑድ፣ ከምሽቱ 5፡30

ጦጣዋ ኮሽታ ሳታሰማ ነው የመጣችው ልጄ። እኔ ሁለት ጆሮ ይዤ እዚያው ሐይቅ ዳር ሙዝ፣ ሳምቡሳና አንድ ጊዜ መነጽሬን ተወስጃለሁ።